ዕቃው ይሻገር፣ ምስጢሩ ይቅር

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያረጀ ኮምፒውተር አይጣልም፤ ነፍስ ይዘራበታል። የቀድሞው ባለቤት ጉዳይ ግን አብሮት ይዞራል።

ከአስኮ ተነሥቶ የአምቦን መንገድ የያዘው ሚኒባስ ቡራዩ ላይ ያራግፈናል። ከአስፋልቱ ዳር፣ በሲሚንቶ መሸጫና በጁስ ቤት መካከል፣ ሁለት ሜትር በሦስት የማትሞላ ሱቅ አለች። በሯ ላይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተለጠፈው ማስታወቂያ የማይሠራውን ሥራ ቢዘረዝር ይቀለው ነበር፤ የኮምፒውተር ጥገና፣ ፎቶ ኮፒ፣ የደኅንነት ካሜራ ተከላ፣ ፊልምና መዝሙር መጫን።

ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ዴስክቶፕ ተኝቷል። ስክሪናቸው የተሰነጠቀ ላፕቶፖች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከወንበሩ ሥር ባለ የቴምር ካርቶን ውስጥ ደግሞ ሃርድ ዲስኮች እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ላይ የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው የንብረት ቁጥር ገና አልለቀቀም።

ነጠላ የለበሱ ሴት ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው ገቡ።

«እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ ጠጋኙ፣ ከካቻቢቴው ቀና ብሎ።

«ይህን ለወንድሜ ልጅ ልሰጠው ነው፤ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባ። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋልኝ ልጄ።»

«የትኛውን መጥፋት ነው የፈለጉት?»

«ደግሞ መጥፋት ስንት ዓይነት ነው?»

«ሦስት ነው» አለ ወጣቱ። «የውሸት፣ የእውነት፣ ከነነፍሱ።»

ሴትየዋ ሳቁ። ወጣቱ ግን አልቀለደም።

በሞዴል 19 ገብቶ፣ በሞዴል 22 የወጣ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በአንድ አስተዳደር ሥር ከገቡት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች መካከል ናቸው። ሰበታ በፋብሪካዋ፣ ቡራዩ በገፈርሳ ግድቧ፣ ሱሉልታ በብርዷና በምንጭ ውኃዋ ትታወቃለች። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው የአዲስ አበባ ኪራይ ያስመረረው ሰው የሚሰፍርባቸው መሆናቸው ነው። ዋና ከተማዋ የጠገበችው ሶፋና አልጋ ወደነሱ እንደሚወጣ ሁሉ፣ የጠገበችው ኮምፒውተርም ይወጣል።

መንገዱ ረጅም ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ የአንድ ባንክ ወይም የአንድ ድርጅት ነበር። ዘገየ ተባለና ከጠረጴዛ ወደ መጋዘን ወረደ። እዚያ ዓመታት ቆየ። ከዚያ ጨረታ ወጣ፤ በጅምላ የገዛው ነጋዴ መርካቶ አስገባው። የሚሠራው ከማይሠራው ተለየ። የሚሠራው በ«ስላይትሊ ዩዝድ» ስም ተሸጠ፤ የማይሠራው ለመለዋወጫ ተፈታታ፤ የቀረው ምናለሽ ተራ ደርሶ በኪሎ ተመዘነ። ከቤት የሚወጣው ደግሞ አጭር መንገድ አለው፤ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈው ሰው ይወስደዋል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 20 ይጠየቃል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ማውስ እንኳ ቁጥር አላት። ኪቦርድ ቢጠፋ ተጠያቂው ይፈለጋል። በዲስኩ ላይ ያለው የሠራተኞች የሕክምና ማስረጃ፣ የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ የጨረታ ሰነድ ግን ሞዴል የለውም። ብረቱን የሚጠብቀው ሰው ሞልቷል፤ ይዘቱን የተረከበ የለም።

ከማኅተም ጋር እናነጻጽረው። በአገራችን ማኅተም እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል፤ ያዡ ይፈርማል፣ ካዝና ይቆለፍበታል። መሥሪያ ቤት ስሙን ሲቀይር የድሮው ማኅተም በቃለ ጉባኤ ተሰብስቦ እንዲወገድ ይደረጋል። ማኅተሙ ያረፈባቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈውና አንድ በአንድ ያስቀመጠው ኮምፒውተር ግን እንዲህ ያለ ወግ አይደርሰውም፤ ገመዱ ተጠቅልሎበት ከተሰበረ ወንበር ጋር ይወጣል።

> ብረቱን የሚጠብቀው ሰው ሞልቷል፤ ይዘቱን የተረከበ የለም።

ብዙው ዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመኑ ኦኮ ኢንስቲትዩትና ፓን ኢትዮጵያ በአገራችን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ላይ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ ያረጀው ዕቃ በብዛት የሚገኘው በቆሻሻ መጣያ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት መጋዘንና በየቤቱ ጓዳ ነው። የንብረት ሠራተኞችን ብትጠይቁ ምክንያቱን በአንድ ቃል ይነግሯችኋል፤ ፊርማ። «ይወገድ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነገ የሚጠየቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይቆለፋል። ሲቆለፍ ደግሞ ማን ምን እንደጻፈበት የሚያስታውሰው ሠራተኛ ይዛወራል ወይም ጡረታ ይወጣል። የጨረታው ቀን ሲደርስ ዲስኩ ላይ ያለውን የሚያውቅ ማንም የለም።

የውሸት መጥፋት

ወደ ቡራዩዋ ሱቅ እንመለስ። ወጣቱ ከካርቶኑ አንዱን ዲስክ አነሣ። «ይሄ የራሴ ነው» አለ። ትናንት የገዛ ፎቶዎቹን ጭኖበት፣ ፎርማት አድርጎት ነበር። ሲሰካው ኮምፒውተሩ «ባዶ ነው» አለን። ቀጥሎ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ከፈተ። ሻይ ታዝዞ እስኪመጣ ድረስ ስክሪኑ በፎቶ ስሞች ተሞላ። የእህቱ የምርቃት ቀን፣ የጥምቀት ዕለት፣ ገፈርሳ ዳር የተነሣው ፎቶ አንድ በአንድ ተመለሱ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት የድሮ መዝገብ ቤት ማሰብ ይበቃል። በመዝገብ ቤት መደርደሪያዎቹ ላይ ፋይሎች አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንደተቀመጠ የሚናገር መዝገብ አለ። ኮምፒውተር ላይ «ደምስስ» ስንል ማሽኑ የሚሰርዘው በመዝገቡ ላይ ያለችውን አንዷን መስመር ነው። ፈጣኑን ፎርማት ስናዝ ደግሞ መዝገቡን በአዲስ ይተካዋል። መደርደሪያው ላይ ያለው ፋይል ንቅንቅ አላለም፤ ቦታው «ክፍት ነው» ስለተባለ ብቻ አዲስ ፋይል እስኪመጣበት ይጠብቃል። ወራት ሊጠብቅ ይችላል፣ ዓመታትም።

ማሽኑ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንዱን ፋይል በደመሰስን ቁጥር ቦታውን ሁሉ ይጥረግ ቢባል ሥራ አያስኬደንም ነበር፤ ፍጥነት የተገዛው በዚህ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው እጅ ሲቀይር ነው። ባለቤቱ «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ያጠፋው ግን መንገዱን እንጂ ቤቱን አይደለም።

አንዳንዶች ሌላ መጽናኛ አላቸው። የድሮ ሰነዶቻችን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ስለሆኑ ሌላ ሰው ቢከፍታቸው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ሆነው ይታዩታል። እውነት ነው፤ ፎንቱ እስኪጫን ድረስ። ፎንቱ ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ ፍላሽ ላይ አለ።

የዲቪ ወቅት ኮምፒውተር

በሦስቱም ከተሞች ከወረዳው፣ ከፍርድ ቤቱና ከፖሊስ ጣቢያው ማዶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በሰልፍ ቆመዋል። አገልግሎታቸው ለብዙ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። የውርስ ማመልከቻ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የሥራ ልምድ፣ የፓስፖርት ማመልከቻ እዚያ ይጻፋል፤ መታወቂያ ስካን ይደረጋል። ዲቪ ሲከፈት ደግሞ ወረፋው መንገድ ላይ ይወጣል። አንድ የዲቪ ፎርም ሲሞላ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የትዳር ጓደኛና የልጆች ዝርዝር፣ የሁሉም ፎቶ ይገባል። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ምናልባት ነገ ደንበኛው ቁጥሩ ጠፍቶበት ስለሚመለስ በደግነት አንድ ቅጂ ያስቀምጥለታል።

እንግዲህ ያ ኮምፒውተር ምን እንደያዘ አስቡ። የአንድ ሰፈር ሕዝብ ጋብቻ፣ ጠብ፣ ንብረትና ተስፋ አንድ ዲስክ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ባለቤቱ ይሸጠዋል፤ የሚያሳስበው የፓወር ግዕዙ ኮፒ እንዳይጠፋበት ነው። ሰርግ የሚቀርጹ ቪዲዮ ቤቶችና ፎቶ ቤቶችም ከዚህ አይለዩም። የሰው ሴት ልጅ ፎቶ በማታውቀው ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል ለመንገር ባለሙያ አያስፈልግም።

ሰበታ ዓለም ገና ላይ ሱቅ ያለው አንድ ነባር ጠጋኝ እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ጠየቅነው። «እኔ አልከፍትም፤ የሰው ጓዳ ነው» አለ። ወዲያው ግን የዚህ መልስ ድክመት ራሱ ታየው። «ግን ጋሼ፣ ያ የሰውዬው ዕድል ነው። ዲስኩ እኔ ጋ ባይመጣስ?»

> ምስጢራችን አሁን የሚጠበቀው በሕግም በቴክኒክም ሳይሆን በጠጋኙ ጨዋነት ነው።

ሕጉ ግን መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን እንዲጠብቅና ለተሰበሰበበት ዓላማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳያቆየው ያዛል። ቁጥጥሩ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በየቀኑ ተጨማሪ ቅጂ እየተነሣበት ነው። ከወረዳው ማዶ ያለው ጽሕፈት ቤት ግን ይህ ሁሉ እሱንም እንደሚመለከት የነገረው ያለ አይመስልም። መታወቂያችሁን ፎቶ ኮፒ ስታስነሡ ወረቀቱን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስካን ስታስደርጉ ግን አንድ ቅጂ ትታችሁ ነው የምትወጡት።

ሌሎች የከፈሉበት ትምህርት

ነገሩ የድሃ አገር ጉድለት ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከገበያ የሰበሰቧቸውን 158 አሮጌ ዲስኮች የመረመሩበትን ጥናት አወጡ። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በሌሎቹ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የፍቅር ደብዳቤዎች ተገኙ። አንደኛው ዲስክ የተነቀለው ከገንዘብ መክፈያ ማሽን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጋና የሄዱ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሃርድ ዲስክ ገዙ። ሲከፍቱት የአሜሪካውን የጦር መሣሪያ አምራች የኖርዝሮፕ ግሩማንን የኮንትራት ሰነዶች አገኙበት። ኮምፒውተሩ ውቅያኖስ ሲሻገር ምስጢሩም አብሮ ተሻግሮ ነበር።

ከባድ ቅጣት የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ነው። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ድርጅት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዲስክ ማጽዳት የማያውቅ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። ዕቃዎቹ የደንበኞችን መረጃ እንደያዙ ተሸጠው ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው።

ሦስቱን የሚያገናኛቸው ነገር ሌባ አለመኖሩ ነው። ማንም ሰብሮ አልገባም። ባለቤቱ ራሱ በገዛ እጁ፣ አንዳንዴም በደረሰኝ፣ አሳልፎ ሰጠ።

የእውነት መጥፋት

ታዲያ ምን ይደረጋል? የድሮዎቹ የብራና ጸሐፊዎች የተሳሳቱትን ቃል በቢላ ፍቀው በላዩ ላይ ይጽፉ ነበር። የሃርድ ዲስክ መላም እሱው ነው፤ በላዩ ላይ መጻፍ። በዲስኩ ላይ ካለችው የመጀመሪያ ቦታ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ዜሮ ከተጻፈ የድሮው ጽሑፍ አይመለስም።

ስንት ጊዜ ይጻፍ የሚለው ብዙ ያከራከረ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፒተር ጉትማን የተባለ ተመራማሪ እስከ 35 ዙር የሚደርስ የመጻፊያ ስልት አቀረበ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ በጠጋኞች ዘንድ እንደ ሥርዓተ አምልኮ ይነገራል። ነገር ግን ያ ስልት ለዚያ ዘመን የተለያዩ ዲስኮች የተሠራ ነበር፤ ጉትማን ራሱ በኋላ ለዘመናዊ ዲስክ ሠላሳ አምስቱንም መደጋገም ትርጉም የለውም ብሏል። ለአሁኑ ሃርድ ዲስክ አንድ ሙሉ ዙር ይበቃል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በዊንዶውስ ላይ ፎርማት ሲደረግ «ፈጣን» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማንሣት ብቻ ነው፤ ከቪስታ ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች ሙሉው ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል። ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ራሱን ለማጽዳት ደግሞ እንደ ዲባን ያለ ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከዚያ ይነሣል። 500 ጊጋባይት ዲስክ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ደግሞ መብራት ሊሄድ ይችላል። ሱሉልታ ላይ ያነጋገርነው ጠጋኝ ብዙዎች ፈጣኑን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት መሆኑን ነገረን፤ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ መብራቱ አይታመንም፣ ለማጽዳት የሚከፍል የለም። እሱ ግን የራሱ ዘዴ አለው። ዲስኩን ፎርማት አድርጎ እስኪጠግብ ድረስ ፊልም ይጭንበታል። «የሰውዬውን ፋይል በተከታታይ ድራማ ቀበርኩት ማለት ነው» አለ እየሳቀ። እንደ ዋናው ጽዳት እንከን የለሽ ባይሆንም ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቦታው በሌላ ነገር ተሞልቷል።

ኤስኤስዲ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። በኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን የለም፤ መረጃው በቺፖች ላይ ነው። ቺፖቹ በእኩል እንዲያረጁ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ጽሑፉን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል። እናንተ «እዚህ ላይ ዜሮ ጻፍ» ስትሉት ሌላ ቦታ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ለኤስኤስዲ የሚያስፈልገው አምራቹ ራሱ ያስቀመጠው የማጽጃ ትእዛዝ ነው፤ ከአምራቹ ፕሮግራም ወይም ከአንዳንድ ኮምፒውተሮች ባዮስ ውስጥ ይገኛል። ሥራውም በደቂቃዎች ያልቃል።

ከሁሉም የሚቀለው መከላከያ ግን ኮምፒውተሩ ገና አዲስ ሳለ የሚደረገው ነው። ዲስኩ ከመጀመሪያው በቢትሎከር ወይም በመሰል ፕሮግራም ተቆልፎ ከሆነ፣ ቁልፉ ሲጠፋ ሁሉም ነገር የማይነበብ ይሆናል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ስልኮች ከፋብሪካቸው ሲወጡ ጀምሮ እንዲህ የተቆለፉ ናቸው፤ ስልክን «ወደ ፋብሪካ ይዞታ» መመለስ ከኮምፒውተር ፎርማት የተሻለ የሚያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ ዕድሜ

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ መዶሻ ያስፈልገዋል» ሊል ይችላል። አንዳንድ ድርጅቶችም ምስጢርን በመፍራት የሚሠራውን ዲስክ ሁሉ ይሰባብራሉ። ይህ በእኛ አገር ኪሳራ ነው። ኮምፒውተር በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር የጸዳ ዲስክ ሀብት ነው።

የቡራዩው ካርቶን ውስጥ ያሉት ዲስኮች ወዴት እንደሚሄዱ ብታዩ ትገረማላችሁ። ትልልቆቹ የደኅንነት ካሜራ መቅጃ ውስጥ ይገባሉ፤ መቅጃው በተሞላ ቁጥር የድሮውን ምስል እየሻረ በላዩ ስለሚጽፍ ከጊዜ በኋላ ሳያውቀው ጥሩ አጽጂ ይሆናል። ትንንሾቹ ከላፕቶፕ ወጥተው ኬዝ ይገባላቸውና ፊልም ቤት ይሸጣሉ። በቦታቸው ኤስኤስዲ የገባለት የዐሥር ዓመት ላፕቶፕ ቀድሞ ሻይ እስኪፈላ ይነሣ የነበረው አሁን ስኒው ሳይቀርብ ይነሣል።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማደግ የማይችሉ ብዙ ኮምፒውተሮች በዓለም ዙሪያ «አሮጌ» ተብለዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ እዚህ መድረሳቸው አይቀርም። ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነፃ ሲስተም ሲጫንባቸው ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ለማንበብና ለኢንተርኔት ከበቂ በላይ ናቸው፤ የአማርኛም የአፋን ኦሮሞም ጽሕፈት ያስተናግዳሉ።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ሰበታ የታወቀው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናት። ለዓይነ ስውር ተማሪ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ምን ጎደለው? ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ኤንቪዲኤ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ከተጫነበት፣ ገበያ ላይ ዋጋው የወደቀው ማሽን ለሱ ሙሉ ጤነኛ ነው። «ተበላሽቷል» የምንለው ብዙ ጊዜ «ለእኔ አይሆንም» ለማለት ነው።

> «ተበላሽቷል» የምንለው ብዙ ጊዜ «ለእኔ አይሆንም» ለማለት ነው።

ከነነፍሱ

ሦስተኛው መጥፋት ለሚንኳኳው፣ ለማይነሣው፣ ኮምፒውተር ለማያነበው ዲስክ ነው። እናንተ አልከፈታችሁትም ማለት ማንም አይከፍተውም ማለት አይደለም፤ የማይሠራ ዲስክ ደግሞ በላዩ ሊጻፍበት አይችልም። ለዚህ ድሪል ይበቃል፤ ሳህኖቹን አልፎ የሚወጣ ቀዳዳ በሁለት በሦስት ቦታ ይበሳል። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ ከመስተዋት የተሠራ ስለሆነ እንደ ብርጭቆ ይረግፋል፤ ዓይንን መሸፈን ይገባል። የኤስኤስዲ ቺፖች ግን እያንዳንዳቸው መሰበር አለባቸው፤ አንዱ ከተረፈ በውስጡ ያለው ወሬም ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ ያለው አካል ቆሻሻ ይሆናል፤ ግን ተራ ቆሻሻ አይደለም። ውስጡ አሉሚኒየም፣ መዳብና ብርቱ ማግኔት አለ፤ በሰሌዳው ላይ ደግሞ እርሳስና ሌሎች መርዛማ ብረቶች። መዳቡን ለማግኘት ገመድ የሚያቃጥል ሰው ጭሱን መጀመሪያ የሚስበው ራሱ ነው፤ አመዱ ደግሞ ወደ ውኃ ይወርዳል። ቡራዩ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብ አጠገብ ናት። የሱሉልታ ምንጭ እየታሸገ በየሱቁ ይሸጣል። ይህ ውኃ የሁላችንም ነው።

ቆሻሻ ሲከማች ምን እንደሚያደርግም እናውቃለን። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ ከሚወስደው የጅማ መንገድ ብዙ በማይርቀው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተናደው ክምር ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እዚያ መድረስ እንደሌለበት በሕግም ተጽፏል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ላይ የወጣ ነው። መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የኮምፒውተር ማደሻና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አቃቂ ላይ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር በእጅ እየተፈታታ የሚለይበት ማዕከል አቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ የሚታደሰው ይታደስ፣ የማይሆነው በየዓይነቱ ይለይ። ከቆራሌው ጆንያ እስከ እንዲህ ዓይነት ማዕከል ያለው መንገድ ነው ያልተጠረገው።

ሁለት ሰዓት

የቡራዩዋ ሴት በመጨረሻ የእውነቱን መጥፋት መረጡ። መጀመሪያ ግን ጠጋኙ አስቆማቸው፤ «የሚፈልጉት ፎቶ የለም? ከዚህ በኋላ እኔም አልመልሰውም» አላቸው። ነበራቸው። የእናታቸው የተዝካር ዕለት ፎቶዎች ወደ ፍላሽ ተገለበጡ። ከዚያ ላፕቶፑን ትተውለት ወደ ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ አልቆ ነበር።

ለቤተሰብ ምክራችን ይኸው ነው። አሮጌ ኮት ለልዋጭ ስንሰጥ ኪሱን እንፈትሻለን፤ ለኮምፒውተርም ያንኑ እናድርግ። የምትፈልጉትን ገልብጡ፣ «ፈጣን ያልሆነውን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ለጠጋኙ የሁለት ሰዓት ዋጋውን ክፈሉት። ጽሕፈት ቤት ስካን ስታስደርጉም ከመውጣታችሁ በፊት ፋይሉ እንዲሰረዝ ጠይቁ። የጽሕፈት ቤት ባለቤቶችም ኮምፒውተራችሁን ስትሸጡ ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀሩት ወይም አስጸዱት፤ በውስጡ ያለው የእናንተ አይደለም።

ለመሥሪያ ቤቶች ያለን ጥያቄ ከዚህም ያነሰ ነው። አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ በጀት አያስፈልገውም። ኮምፒውተር ወጪ በሚሆንበት በሞዴል 22 ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፦ «ዲስኩ ጸድቷል፤ ያጸዳው ሠራተኛ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»